ኢኖክ ሶንቶንጋ፤ የመዘምራኑ አለቃ

በ2010 የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በደቡብ አፍሪቃ በተደረገ ጊዜ፣ የአገሪቱ ቡድን ሊጫወት ሲል ሕዝቡ ቆሞ የዘመረውን መዝሙር ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ይሆናል። የመዝሙሩ የመጀመሪያ ክፍል «ንኮሲ ሲኬሌል ኢአፍሪካ» ይባላል፤ ይኸውም በእኛ ቋንቋ እግዚአብሔር አፍሪቃን ይባርክ እንደ ማለት ነው። ይህንኑ ዜማ ታንዛንያም ዛምቢያም በየቋንቋቸው ቃል አስገብተውለት ብሔራዊ መዝሙራቸው አድርገው ይዘውታል። እንግዲህ ሦስት መንግሥታት ባንዲራቸውን የሚሰቅሉበትን ዜማ የደረሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሞዛርትንና የቤትሆቨንን ታሪክ በቃሉ የሚያወርደው ጓደኛችን ሁሉ ዝም ይላል። ስለዚህ ሰው ያገኘነውን አሰባስበን ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብነው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኢኖክ ማንካዪ ሶንቶንጋ በ1873 ገደማ በኬፕ ቅኝ ግዛት በስተ ምሥራቅ ባለችው በዩተንሄግ ከተማ ተወለደ። ኢኖክ ማለት የእኛው ሄኖክ ነው። ወገኑ ኮሳ ከሚባለው ሕዝብ ሲሆን፣ ሃይማኖቱ የሜቶዲስት ክርስቲያን ነበር። ስለ ልጅነቱ የተጻፈው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ለአቅመ ትምህርት ሲደርስ የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን አሊስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ወዳቋቋሙት ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገብቶ የመምህርነት ሙያ ተማረ። ላቭዴል በዚያን ዘመን ለደቡብ አፍሪቃ ጥቁሮች ከፍተኛው የትምህርት በር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋዜጣ አዘጋጆች፣ ቀሳውስት፣ መምህራንና የማኅበር መሪዎች የወጡት ከዚያና መሰሎቹ ከሆኑት ትምህርት ቤቶች ነው።

ስለ ላቭዴል ስንናገር ስለ ዜማው ትምህርት ጥቂት ማለት ይገባናል። የአውሮፓ ሙዚቃ የሚጻፈው በአምስት መሥመር ላይ በሚሰፈሩ ነጥቦች እንደሆነ የታወቀ ነው። ሚሲዮናውያኑ ግን ለአፍሪቃውያን ተማሪዎች በብዛት ያስተማሩት ሌላ ዐይነት አጻጻፍ ነው፤ ይኸውም ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚሉትን ድምፆች በፊደል ብቻ እየጻፉ በነጥብና በሰረዝ የጊዜያቸውን ርዝመት የሚያመለክቱበት ነው። ይህ አጻጻፍ ፒያኖ አያሻውም፤ ልዩ ወረቀትም አያስፈልገውም፤ ጠመኔና ጥቍር ሰሌዳ ይበቃዋል። የኛ ደብተራ ከቃሉ በላይ በሚያሰፍራቸው ጥቃቅን ምልክቶች ዜማውን እንደሚያነብ፣ የኮሳ መዘምርም ከእነዚህ ፊደላት አራት ልዩ ልዩ ድምፅ አንብቦ ከጓደኞቹ ጋር ያስማማ ነበር። እንግዲህ ከደቡብ አፍሪቃ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የመዘምራን ጓድ የበቀለው በዚህ ርካሽ ዘዴ ነው። ደግሞም ይህ ዘዴ አንድ ጕድለት እንደነበረው መካድ አይገባም። የኮሳ ቋንቋ ድምፁ ሲነሣና ሲወድቅ የቃሉ ፍች የሚለወጥ በመሆኑ፣ ከእንግሊዝ አገር በመጣ ዜማ ላይ የኮሳን ቃል መጫን ብዙ ጊዜ ቃሉን ያጣምመው ነበር። ከዚህም የተነሣ የራሳቸውን ቃልና የራሳቸውን ዜማ አንድ ላይ የሚደርሱ ሰዎች መፈለጋቸው አልቀረም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሶንቶንጋ በፊትም ነበሩ። በ1821 የሞተው ንትሲካና የሚባል የኮሳ ክርስቲያን ማንበብና መጻፍ ሳይማር በአገሩ ዜማ የመዝሙር ድርሰት አቁሞ ነበር፤ ድርሰቱም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቈይቶ በኋላ የላቭዴሉ ጆን ኖክስ ቦክዌ በጽሑፍ አሰፈረው። ደግሞ በ1890 ኦርፊየስ ማካዱ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የመዘምራን ጓዱን ይዞ ኬፕ ታውን ገባ። እነዚህ አሜሪካውያን የባርነት ዘመን መንፈሳዊ መዝሙሮችን ከሳቅና ከጨዋታ ዘፈን ጋር እያፈራረቁ በየከተማው አሰሙ። ከነጭ ጋር የሚተካከል ልብስ የለበሰ፣ የተማረና በራሱ የሚተማመን ጥቁር ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ማየት ለአገሩ ሕዝብ እንግዳ ነገር ነበር። እንግዲህ የኋለኛው የደቡብ አፍሪቃ ዘፈን ሁሉ፣ የመንፈሳዊውም ሆነ የዓለማዊው፣ ምንጩ ከሦስት ወገን ነው ማለት ይቻላል፤ ከሚሲዮኑ መዝሙር፣ ከአሜሪካ ጥቁሮች መዝሙርና ከአባቶቻቸው ዘፈን። ሶንቶንጋ ያደገው ሦስቱ በሚገናኙበት ሥፍራ ነው።

ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ከዮሐንስበርግ አጠገብ ናንስፊልድ በሚባለው ሥፍራ ወዳለው የሜቶዲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት በመምህርነት ተላከ። ዮሐንስበርግ ወርቅ በ1886 ከተገኘ በኋላ በድንገት የበቀለች ከተማ ናት። በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝቧ ከ100,000 በላይ ደረሰ። ከዚህ ሕዝብ ውስጥ ብዙው ከሩቅ አገር ተሰብስቦ ከመሬት በታች የሚሠራው የማዕድን ሠራተኛ ነበር። ጥቁር ሰው በመንገድ ሲሄድ የይለፍ ወረቀት ካልያዘ ይታሰራል፤ በእግረኛ መንገድ ላይ እንኳ ከነጭ ጋር እንዳይሄድ ሕግ ይከለክለው ነበር። ወጣቱ መምህር ቀን ልጆች ያስተምራል፤ ማታ መዘምራኑን ያሠለጥናል፤ እሑድ ደግሞ ይሰብካል። ከዚህም ሌላ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ግጥምም ይጽፍ ነበር። ከትምህርት ቤት ደመወዝ በላይ ለመኖር ሁለት ሦስት ሥራ መያዝ የመምህር ዕድል መሆኑ በዚያ አገር ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሚስቱ ዲያና ምንግቂቢሳ ትባላለች፤ አንድ ልጅም ወልደዋል። አባቷ የአፍሪቃ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ከሚባለው የታወቁ ቄስ ነበሩ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን አንባብያንን በቀጥታ የሚመለከት ታሪክ ስላለ ጥቂት እንቈይበታለን።

በ1892 ቄስ ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ ጥቁር የሜቶዲስት ካህን በፕሪቶሪያ ከነጮቹ ሚሲዮናውያን ተለዩ። የተለዩበትም ምክንያት የሃይማኖት ክርክር አልነበረም። ጥቁሮቹና ነጮቹ ካህናት ጉባኤያቸውን ለየብቻ እንዲያደርጉ ተደርጎ ነበር፤ የጥቁሮቹን ጉባኤ የሚመራው ግን ነጭ ነበር፤ ደመወዛቸውም አይመጣጠንም። ቄስ ሞኮኔ ላቋቋሙት አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሰጡት ስም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚል ነው። ስሙን ያገኙት ዳዊት በመዝሙሩ ስለ ኢትዮጵያ እጆች ከተናገረው ቃል ነው። ከእኛ መካከል ብዙ ሰው ይህ ስም የተሰጠው በዐድዋ ድል ምክንያት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ስሙ ድሉን በ4 ዓመት ይቀድመዋል። የዐድዋ ድል ለስሙ ሌላ ክብደት ጨመረለት ማለቱ የተሻለ ነው።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጋር የተገናኘችበት መንገድ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው፤ መንገዱ መዝሙር ነውና። ሻርሎት ማንዬ የምትባል ወጣት መምህርት በ1891 ወደ እንግሊዝ አገር ከሄደው የአፍሪቃ መዘምራን ጓድ ጋር ተጕዛ ነበር። ከዚያ በሁለተኛው ጕዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ጓዱ ግን በአመራር ብልሽት ገንዘብ አጥቶ በኦሃዮ ግዛት ተበተነ። የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደርሰውላት ዊልበርፎርስ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ አስገቧት። እርሷም ለእኅቷ በጻፈችው ደብዳቤ ስለዚያች ቤተ ክርስቲያን አወሳች፤ ደብዳቤው ወደ ቄስ ሞኮኔ እጅ ደረሰ፤ በ1896 ሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት አንድ ሆኑ። የሶንቶንጋ አማት የሚያገለግሉት በዚህችው ነበር። ሶንቶንጋ ራሱ ሜቶዲስት ሆኖ ቢቈይም፣ በቤቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም እንግዳ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን። አፍሪቃ የሚለውን አንድ ስም ይዞ ስለ አንድ ጎሣ ሳይሆን ስለ ዓለሙ ክፍል ሁሉ የጸለየ መዝሙር በ1897 ከአንድ የሠፈር ትምህርት ቤት መውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

መዝሙሩን የደረሰው በ24 ዓመት ዕድሜው ገደማ ነው፤ ይህም ማለት ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ነበር። የደረሰው አንድ ቤትና አዝማቹን በኮሳ ቋንቋ ነው፤ ሌላው ቤት ኋላ በሌላ ሰው የተጨመረ ነው። ዜማው በአራት ድምፅ የሚዘመር ሲሆን፣ ጆሮው የለመደ ሰው ወዲያው እንደሚገነዘበው የሜቶዲስት መዝሙር ጠባይ አለው፤ ሦስት ዋና ዋና የድምፅ ጥምረቶች እየተመላለሱ ይሸከሙታል። በ1879 የዌልሱ ጆሴፍ ፓሪ ካቀረበው አቤሪስትዊት ከሚባል ዜማ ተወስዷል የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ ብዙ አንጨነቅም። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ደራሲ የቤተ ክርስቲያንን ድምፅ ይዞ ቢነሣ ነውር የለበትም፤ ደግሞም የሁለቱ ዜማ ስሜት የተለያየ ነው። የሶንቶንጋው እየተጐተተ፣ እየከበደ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሽ እንዲስብ ሆኖ የተሠራ ነው። አዝማቹ የመንፈስ ቅዱስን መውረድ ይለምናል። ልመናው ስለ መንግሥት አንድ ቃል አያነሣም፤ ስለ ወርቅም፣ ስለ ይለፍ ወረቀትም አይናገርም። ሆኖም ያን ጊዜ የነበረውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው መዝሙሩ ሐዘን እንዳለበት አይስተውም።

ሶንቶንጋ ድርሰቶቹን ሁሉ በአንድ የተማሪ ደብተር ይጽፍ ነበር፤ ለማሳተምም ያስብ ነበር ይባላል። በ1899 አንድ የጾንጋ ተወላጅ ቄስ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ማዕርገ ክህነት ሲቀበሉ ይህ መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ተዘመረ። የኮሳ ደራሲ የደረሰው መዝሙር ለጾንጋ ቄስ በዓል መዘመሩን እናስተውል። በዚያው ዓመት በጥቅምት እንግሊዞችና ቦሮች ጦርነት ገጠሙ፤ ጦርነቱም እስከ 1902 ዘለቀ። የሰላሙ ውል የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ወደ ፊት እንዲታይ ብሎ አሳደረው፤ ሲያሳድረውም ወደ 92 ዓመት ሆነ።

ኢኖክ ሶንቶንጋ በ18 ሚያዝያ 1905 ሞተ። ዕድሜው ከ30 ዓመት ጥቂት ያለፈ ነበር። በዮሐንስበርግ ብራምፎንቴይን በሚባለው መካነ መቃብር ቀበሩት።

ደብተሩ ሚስቱ ዘንድ ቀረ። የመዘምራን አለቆች ድርሰቶቹን ለመቅዳት እየመጡ ይዋሱት ነበር፤ ደብተሩም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በመጨረሻ ጠፋ። በውስጡ የነበሩት አብዛኞቹ መዝሙሮች አብረው ጠፉ። የታወቀውን መዝሙር መብት ዲያና በስድስት ፔንስ ሸጠችው ተብሎ ይነገራል። ስድስት ፔንስ ማለት የሽልንግ ግማሽ ነው። እርሷም በ1929 ዐረፈች፤ መዝሙሩ በአገሩ ሁሉ ሲዘመር ለመስማት ደርሳ ነበር።

ከደራሲው ሞት በኋላ መዝሙሩን በየአገሩ ካሰራጩት ውስጥ ዋነኛው በደርባን አጠገብ ጆን ዱቤ ያቋቋመው የኦህላንጌ ትምህርት ቤት የመዘምራን ጓድ ነው። በ8 ጥር 1912 ብሉምፎንቴይን ላይ ዛሬ የአፍሪቃ ብሔራዊ ኮንግሬስ የሚባለው ማኅበር ሲመሠረት፣ ከመዝጊያው ጸሎት በኋላ ይኸው ተዘመረ፤ ዱቤም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በሚቀጥለው ዓመት የመሬት ሕግ ወጣ። ሕጉ ብዙውን ሕዝብ ከአገሩ መሬት ወደ 7 ከመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ወሰነው። ሕጉን በጽሑፍ ሲቃወም የነበረው ሶል ፕላትዬ፣ ለንደን ተቀምጦ ሳለ በ16 ጥቅምት 1923 ይህን መዝሙር በራሱ ድምፅ በሸክላ አስቀዳ፤ ሲልቪያ ኮሌንዞ ፒያኖ መታችለት። መዝሙሩ በሸክላ ሲቀዳ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዘፋኝ ሳይሆን የጋዜጣ ሰው መሆኑን ስናስብ፣ ድፍረቱን ማድነቅ አለብን።

በ1925 ኮንግሬሱ የማኅበሩ መዝሙር አደረገው። በ1927 ደግሞ የኮሳው ታላቅ ባለ ቅኔ ሳሙኤል ምቅሃዪ 7 ቤት ጨመረለትና ላቭዴል ማተሚያ ቤት አሳተመው። ምቅሃዪ በጨመራቸው ቤቶች ለአለቆች፣ ለሴቶች፣ ለቀሳውስት፣ ለእርሻና ለትምህርት ሳይቀር ተለይቶ ይጸለያል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለቅኔ አይመችም ብለን እንፈርዳለን፤ ሕዝቡም ብዙ ጊዜ የሚዘምረው የሶንቶንጋን ነው። በ1942 ሞዝስ ምፋህሌሌ በሶቶ ቋንቋ አውጥቶ አሳተመው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ማኅበር ነው። የከተማው ሕዝብ ግን በቤተ ክርስቲያን ብቻ አይዘፍንም። በ1920ዎቹ በዮሐንስበርግ የድኾች ግቢ ውስጥ ጠላ መሰል መጠጥ በሚሸጥባቸው ቤቶች ማራቢ የሚባል የፒያኖ ዘፈን ተነሣ። ቀሳውስቱ እንደ ርኵሰት ቈጠሩት፤ የተማሩትም ተጸየፉት። ነገር ግን ማራቢን በጥሞና የሰማ ሰው፣ ሦስቱ የሚሲዮን መዝሙር የድምፅ ጥምረቶች ፈጥነውና ተደጋግመው ሲመጡ ያገኛቸዋል። በኦህላንጌ ደግሞ ሩበን ካሉዛ የሚባል መምህር የመዘምራኑን ጓድ የአሜሪካን ራግታይም እያስጠና ስለ መሬት ሕጉ ሳይቀር አዘፈነው፤ በ1930 ጓዱን ለንደን ወስዶ 150 ያህል ዘፈን በሸክላ አስቀዳ። እንግዲህ ቅዱሱና ዓለማዊው ዘፈን በዚያ አገር እንደ ዘይትና ውሃ የተለያየ ነው የሚለውን አስተያየት እኛ አንቀበለውም። ቅዳሜ ማታ የሚዘፍነውና እሑድ ጧት የሚዘምረው ጕረሮ አንድ ነበር።

የደራሲዎቹም ዕጣ አንድ ዐይነት ሆነ። በ1939 ሰሎሞን ሊንዳ የሚባል የዙሉ ተወላጅ፣ እርሱም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ «ምቡቤ» የተባለውን ዘፈን በሸክላ አስቀዳ። መብቱን የሸጠው በ10 ሽልንግ ነው። ዘፈኑ በአሜሪካ ስሙና ቃሉ ተለውጦ ለሌሎች ሰዎች ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ ሊንዳ ግን በ1962 ድኻ ሆኖ ሞተ፤ መቃብሩም ብዙ ዓመት ድንጋይ አልተደረገበትም። ልጆቹ ድርሻቸውን በስምምነት ያገኙት በ2006 ነው። የሶንቶንጋ ቤተ ሰብ ለመክሰስ እንኳ የሚያቀርበው ደብተር አልነበረውም።

በ9 ነሐሴ 1956 ወደ 20,000 የሚሆኑ ሴቶች የይለፍ ወረቀት ሕግ በሴቶች ላይ እንዳይጸና ለመቃወም ፕሪቶሪያ በመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰቡ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል በዝምታ ከቆሙ በኋላ የሶንቶንጋን መዝሙር ዘመሩ። በ1960 ኮንግሬሱ በሕግ ሲታገድ መዝሙሩ በቀብርና በእስር ቤት ቀረ። ጸሎት ብቻውን መሬት አያስመልስም፤ ስለዚህ ይህ መዝሙር ሕዝቡን አለዝቦታል የሚል ክርክር አለ፤ በእኛም ማኅበር ውስጥ ይህን የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። የጦርነት ዘፈን ቢሆን ኖሮ አሮጊቷ፣ ቄሱና ሕፃኑ በአንድ ላይ ባልዘመሩት ነበር። ፖሊስ በአደባባይ የሚደረገውን ንግግር ሲከለክል የቀብር ጸሎትን ለመከልከል ግን ይቸግረዋል።

በ1961 ታንጋኒካ ነጻ ስትወጣ ዜማውን በስዋሂሊ ቃል ያዘችው፤ ዛምቢያ በ1964 የራሷን ቃል አደረገችበት፤ ዚምባብዌም ከ1980 እስከ 1994 ተጠቀመችበት። በራሱ አገር ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ግን በ1994 ነው። ያን ጊዜ ከነጮቹ መዝሙር ጎን ለጎን እኩል ሆኖ ተቀመጠ። በ1997 ሁለቱ አጥረው በአምስት ቋንቋ አንድ መዝሙር ሆኑ። ይህ ስምምነት ብዙ ያከራከረ ነው፤ የአባራሪና የተባራሪ ዜማ ተሰፍቶ አንድ ልብስ ይሆናል ወይ ያሉ ነበሩ። ሲያሳጥሩት መንፈስ ቅዱስን የሚለምነው አዝማች ቀረ። በቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት ዛሬም አይተዉትም።

አዲሱ መንግሥት ከቆመ በኋላ የደራሲው መቃብር ይፈለግ ተባለ። ምልክት አልነበረበትም። የብራምፎንቴይን መዝገብ በሶንቶንጋ ስም ሲገለጥ ምንም አልተገኘም። ብዙ ከተደከመ በኋላ የተገኘው «ኢኖክ» ተብሎ ነው። በዚያ ዘመን የጥቁርን ሰው የአባቱን ስም መጠየቅ አስፈላጊ መስሎ ያልታየው መዝጋቢ የክርስትና ስሙን ብቻ ጽፎት ነበር። በ24 መስከረም 1996 መቃብሩ ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ታወጀ፤ ፕሬዚዳንት ማንዴላም በላዩ የቆመውን ጥቍር ድንጋይ መረቁ። ድንጋዩ ላይ ሙሉ ስሙ ተጽፏል።